ስለ እንግዳ መንገድና ስለ መኪና ኪራይ



ስለ እንግዳ አቀባበል በሚነገርበት ጊዜ ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው ስለ ምግቡ፣ ስለ መጠጡና ስለ መኝታው ነው። እንግዳው ከደጃችን ወጥቶ አገር ለማየት ሲነሣ በምን እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ የሚያስብለት ቤተ ሰብ ግን ጥቂት ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከማያስቡት ወገን ነበርን። የእኛን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው ስንል ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውጭ አገር ተወልዳ ያደገችው የእኅታችን ልጅ መንገዱ ሰላም በነበረበት ወራት የእናቷን አገር ለማየት ከባሏ ጋራ ወደ ከሚሴ መጣች። ባሏ የውጭ አገር ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥተው ኮምቦልቻ በወረዱ ጊዜ እኛ በፍርድ ቤት ሥራ ተይዘን ስለ ነበር፥ «ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መኪና አታጡም» ብለን በስልክ ከመንገር በቀር ስለ ዋጋውም ስለ አሳፈሩም አንዳች ነገር አላስረዳናቸውም። እነሱም ያገኙትን ሚኒባስ ሙሉውን ተከራይተው መጡ። በማግሥቱ ሐሙስ ደግሞ ሌላ መኪና እንዲሁ በኮንትራት ይዘው ባቲ ወደሚኖሩት ወደ አክስታችን ዘንድ ሄዱ።

አክስታችን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ናቸው። የእኅታቸው የልጅ ልጅ ትመጣለች የሚለውን ወሬ ከሰሙ ጀምሮ ቤቱን አስጠርገው፣ ቄጠማ አስጐዝጕዘው ሲጠብቁ ነበር። እንግዶቹ ከገቡም በኋላ ቡናውን በራሳቸው እጅ ቈሉ። ነገር ግን አቦሉ ተቀድቶ ገና ሳይጠጣ ሾፌሩ ከደጅ ብቅ ብሎ፥ «እኅቴ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ከዚህ በላይ ከቈየሁ የቈይታ ይታሰባል» አለ። ይህንን ሁለት ጊዜ ከተናገረ በኋላ ልጅቱ ከገንዘቧ ጥቂት ብቻ እንደ ቀራት ስላወቀች ለመሄድ ተነሣች። አክስታችንም ጀበናውን እንደ ያዙ፥ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ መጥተሽ በአንድ ስኒ ትሄጃለሽን?» አሏት። ቶናውም በረካውም ሳይጠጣ ቀረ።

ዓርብ ማታ ልጅቱ እያፈረች ነገሩን ሁሉ ነገረችን። ለአምስት ቀን የያዙት ገንዘብ በሁለት ቀን አልቆ ነበር። እሷን ያሳዘናት ግን የገንዘቡ ማለቅ ሳይሆን የአሮጊቷ ንግግር ነበር። እኛም በሾፌሩ ላይ እጅግ ተቈጥተን በማግሥቱ ወደ መናኸሪያው ወርደን አገኘነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን የሁለቱንም ወገን ቃል ሳንሰማ መፍረድ ስለማይገባን፥ ምን እንደ ተዋዋሉ በትሕትና ጠየቅነው። እሱም እንዲህ ሲል መለሰልን፦ «ጋሼ፣ ሙሉውን መኪና ስጠን አሉኝ፤ ሰጠኋቸው። መኪናው 12 ወንበር አለው። እነሱን ቁሜ ስጠብቅ የዋልኩበትም ቀን የሥራ ቀኔ ነው። ሁለት ወንበር ብቻ ቢሉኝ ኖሮ ተራቸውን ጠብቀው በታሪፉ ይሄዱ ነበር። ፈረንጅ ስላየሁ ጥቂት አስበልጬ እንደ ጠራሁ ግን አልክድም።»

ይህን ከሰማን በኋላ ቍጣችን ወደ ራሳችን ተመለሰ። ጥቂት አስበልጦ ከመጥራቱ በቀር ሾፌሩ የጠየቀው የሙሉ መኪና ዋጋ ነው። እንግዶቹም የተስማሙበትን ከፈሉ። ያጠፋነው የአገሩን ልማድ እያወቅን ሳንነግራቸው የቀረነው እኛ ነን።

ልብ ብሎ ላስተዋለው ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ደርሶ ለመመለስ የሚያስፈልገው የአራት ወንበር ዋጋ ነው። ሙሉውን ሚኒባስ ሲይዝ ግን ለመሄጃው 12፣ ለመመለሻውም 12፣ በጠቅላላው የ24 ወንበር ዋጋ ይከፍላል። ይህም ስድስት እጥፍ ማለት ነው። መሄጃውን ብቻ ቢይዝም መኪናው ባዶውን የሚመለስ እንደ ሆነ ሾፌሩ የመመለሻውን ነዳጅ በዋጋው ውስጥ ማግባቱ አይቀርም። የቈይታው ሒሳብ ከዚህ ሌላ ነው። እንግዲህ መንገደኛን የሚያከስረው አብዛኛውን ጊዜ የታሪፉ መወደድ ሳይሆን፥ ወንበር መከራየትና መኪና መከራየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አለማወቁ ነው።

ስለ ውሉም ጥቂት መናገር ይገባናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሕጉ ራሱ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር ውል በተዋዋዮቹ ስምምነት እንደሚጸና ይደነግጋል። ስለዚህ በመኪና በር ላይ በቃል የተነገረ ዋጋ ውል ነው፤ ያለ ወረቀትና ያለ ፊርማ ይጸናል። ነገር ግን ሳይነገር የቀረው ነገር በኋላ ጠብ ያመጣል። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የተባለውም ለዚህ ነው። ከመሳፈር በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቆ መልሱን መስማት ብዙ ክርክር ያስቀራል፦ ዋጋው የወንበር ነው ወይስ የሙሉ መኪና? በሰው ነው ወይስ በጠቅላላው? መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ? ቈይታው ስንት ሰዓት ድረስ ነው? ስለ ዕቃው ለብቻ ይከፈላልን?

በሌሎች አገሮች ይህንን ጥያቄ መሣሪያ ይመልሰዋል። ታክሲ የሚለው ስም ራሱ የተወሰደው ታክሲሜትር ከሚባለው የሄዱበትን ርቀት ቈጥሮ ሒሳቡን ከሚያሳየው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በጀርመን አገር በሥራ ላይ ውሎ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። በአዲስ አበባም ራይድና ፈረስ የሚባሉት በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች የጕዞውን ግምት አስቀድመው ስለሚያሳዩ፥ ቦሌ የሚወርድ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ በዋጋ ከመከራከር ይድናል። በከተማውም ውስጥ የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች፣ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም ከታክሲ ይልቅ እጅግ ርካሽ ናቸው። በከሚሴ ጐዳና ላይ ግን ዋጋውን የሚያሳይ መሣሪያ የለም። በዚያ የመሣሪያውን ሥራ መሥራት የሚገባው እንግዳውን የሚቀበለው ባለቤት ነው።

የኪራዩ ዋጋ ስለምን እንዲህ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ምክንያቱ የታወቀ ነው። መንግሥት ለነዳጅ ያደርግ የነበረውን ድጐማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙ ሳይቈይ ከ100 ብር አለፈ። ጎማውም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ የሾፌሩ ወጪ በዚያው ልክ ከፍ አለ። ዶላር ይዞ ለሚመጣው እንግዳ ግን በብር የተጠራው ዋጋ ትንሽ መስሎ ስለሚታየው ሳይከራከር ይከፍላል። «የፈረንጅ ዋጋ» የሚባለው ልማድም የሚበረታው በዚህ ነው።

ይህ ልማድ የሚጐዳው ፈረንጁን ብቻ እንዳይመስለን። ከሁለት ሰዎች የብዙ ቀን ሲሳይ ያገኘ ባለ መኪና በማግሥቱ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ይቸግረዋል። በሌሊት ምጥ የያዛት ጐረቤታችን ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ኮንትራት በምትፈልግበት ጊዜ የሚጠራው ዋጋ እንግዳው ያለ ጥያቄ የከፈለው ዋጋ ይሆናል። ስለዚህ እንግዳን ትክክለኛውን ዋጋ ማሳወቅ ለእንግዳው የሚደረግ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ የራስን ቤትና የጐረቤትን ቤት መጠበቅም ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪካችን እንመለስ። ለእንግዶቻችን ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። እኛም ገንዘብ ልናበድራቸው ብንል ልጅቱ እንቢ አለች። ስለዚህ እሑድን በሰንበቴ፣ ሰኞን በባቲ እንዲውሉ መከርናቸው። ይህንንም ያልነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ የሚውሉ ሲሆኑ በዞኑ ውስጥ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ የታወቁት እነዚሁ ናቸው። ሁለተኛውና ለዛሬው ጉዳያችን የሚረዳው ምክንያት ግን፥ በገበያ ቀን መኪናው ብዙ በመሆኑ ወንበር ለማግኘት እንደ ሌላው ቀን ብዙ መጠበቅ አለማስፈለጉ ነው። ገበያተኛው በሚሄድበት ሰዓት መሄድ፣ በሚመለስበት ሰዓት መመለስ ለኪስ ከሁሉ ይሻላል።

እሑድ ማለዳ ከእነሱ ጋራ ሄድን። ሰንበቴ ከከሚሴ በስተ ደቡብ፥ ካራቆሬንና አጣዬን አልፎ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ይገኛል። እንግዶቻችን ዶሮ ከያዙ እናቶችና የበርበሬ ከረጢት በጕልበታቸው ከታቀፉ ነጋዴዎች መካከል ተቀመጡ። አንዲት እናት ለልጅቱ ቦታ እያስፋፉላት፥ «ነይ ልጄ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ» አሏት። የእናቷንም ስም ጠይቀው ዘመዶቿን በየስማቸው ቈጠሩላት። በኮንትራት መኪና ውስጥ ብቻዋን ብትቀመጥ ኖሮ ይህንን ሁሉ ማን ይነግራት ነበር? በገበያውም አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በየቋንቋው ሲገበያይ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ተመልክተው፥ ለሁለቱም የወንበር ዋጋ ብቻ ከፍለው ተመለሱ።

ሰኞ ደግሞ ወደ ባቲ ሄዱ። ከከሚሴ ወደ ባቲ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ በስተ ሰሜን ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከዚያ መኪና ለውጦ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ይህ መንገድ ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ የሚወርድ፥ ደጋውንና የአፋርን ቈላ የሚያገናኝ የቈየ የንግድ መስመር ነው። ግመሉ፣ ፍየሉና እህሉ በአንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙትም ስለዚሁ ነው። እንግዶቻችን በዚያ ቀን የሚጠብቃቸው ሾፌር፣ የሚቈጠርባቸውም ሰዓት አልነበረም። ገበያውን አይተው ወደ አክስታችን ቤት ገቡ። አቦሉ ተጠጣ፤ ቶናው ተጠጣ፤ በረካውም ተጠጣ። አሮጊቷም ልጅቱን መርቀው፥ «ይኸ ነው መምጣት» ብለው ሸኟት። በዚያ ቀን ለመንገድ የከፈሉት ከሐሙሱ ኪራይ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ እንግዳ ለሚመጣበት ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅሙ መስለው የታዩንን ምክሮች እንደሚከተለው እንጽፋለን።

1ኛ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሚመጣ እንግዳ የደሴውን አውቶቡስ በማለዳ ቢሳፈር በቀን ብርሃን ይደርሳል። ነገር ግን የደሴ መኪና የያዘ ሰው ዋጋው እስከ ከሚሴ ነው ወይስ እስከ ደሴ ብሎ ቲኬት ከመቍረጡ በፊት ይጠይቅ።

2ኛ፤ በመናኸሪያ የሚሳፈር ሰው ታሪፉን ከሥምሪት ሠራተኛው ይጠይቅ። የሕዝብ መኪና ታሪፍ በመንገድና በመኪና ደረጃ ተሰልቶ የሚወጣ ስለ ሆነ ለፈረንጅና ለአገር ሰው የተለያየ አይደለም። ከመናኸሪያ ውጭ በመንገድ ዳር የሚሳፈር ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በጥሪ ነው።

3ኛ፤ በከተማው ውስጥ ለሚደረግ አጭር መንገድ ባጃጅ ይበቃል። ባጃጅም እንደ ሚኒባስ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው፤ ከሌሎች ጋራ ተጋርቶ መሄድና ብቻ ይዞ መሄድ። እንግዳው ዝም ብሎ ቢገባ ብቻውን እንደ ያዘው ሊቈጠርበት ስለሚችል «በሰው ነው» ማለትን ይልመድ።

4ኛ፤ ኮንትራት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። በሽተኛ፣ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ላለበት፣ የሕዝብ መኪና ወደማይመላለስበት ስፍራ ለሚሄድም አስፈላጊ ነው። በደዋ ጨፋ ወረዳ በኮረብታ ላይ በድንጋይ የታነጸውን የሾንኬን የአርጎባ መንደር ለማየት የሚሻ እንግዳ ብቻውን ከመከራየት ይልቅ ሌሎች መንገደኞችን ፈልጎ ዋጋውን ይካፈል። አሥር ሰው ሲካፈለው ኮንትራትም ርካሽ ይሆናል። ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን መንገድ ግን በእግሩ እንዲሄድ ይዘጋጅ፤ ለዚያ ኪራይ የለውም።

5ኛ፤ በኪራይ መኪና ተሮጦ የሚታለፈው ነገር በወንበር ሲሄዱ በደንብ ይታያል። በከሚሴና በኮምቦልቻ መካከል የጨፋ ሜዳ፣ የቦርከና ወንዝ፣ በሣሩ ላይ የተሰማራው ከብትና ወፉ ሁሉ ከመስኮት ያለ ዋጋ የሚታይ ነው። ስለዚህ እንግዳው ቀደም ብሎ ደርሶ የመስኮት ወንበር እንዲይዝ ማድረግ መልካም ነው።

6ኛ፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ስለ ሆነ ብዙው ሾፌርና ረዳት ወደ መስጊድ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና በውድ ዋጋ ከመፈለግ ጥቂት ታግሦ መጠበቅ ይሻላል። ከገበያ ስፍራም የመጨረሻው መኪና ሳይሄድ መነሣት ያስፈልጋል። ሲመሽ የሚቀር ሰው የሚተርፈው ኮንትራት ብቻ ነውና።

7ኛ፤ ከዋጋ ሁሉ የሚቀድመው የመንገዱ ሰላም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ይህ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገደኛ ብዙ ተጕላልቷል። ስለዚህ ባለቤቱ እንግዳው በሚነሣበት ዕለት ማለዳ ከመናኸሪያውና ከአካባቢው ሰው የመንገዱን ነገር አጣርቶ፣ የሚያጠራጥር ሆኖ ሲያገኘው እንግዳውን ከቤት ያስቀረው። በርካሽ ዋጋ ወደ አደጋ መሄድ ቍጠባ ሊባል አይችልም።

በመጨረሻም ለሾፌሮቻችን አንድ ቃል ብንጨምር አይከፋም። ለሙሉ መኪና ሙሉ ዋጋ መጠየቅ መብታቸው ነው። እንግዳው ሳይነግሩት የማያውቀውን ግን መንገር ደግነት ነው። «በወንበር ልትሄዱ ትችላላችሁ» የሚለው ቃል ለተናጋሪው አንዳች ነገር አያስከፍለውም፤ መልካም ስም ግን ያተርፍለታል። አባቶቻችን የመሸበትን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብለው ከነበቅሎው ያሳድሩት እንጂ ዋጋ አይጠይቁትም ነበር። ዛሬ ነዳጅ በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ በነፃ አሳፍሩት አንልም። የምንለምነው እንግዳው የሚከፍለውን ዋጋ ከመነሣቱ በፊት አውቆት እንዲከፍል ነው።

እኛም ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣብን ከምግቡና ከመኝታው ጋራ አንድ ነገር ጨምረናል። ታሪፉን፣ የገበያውን ቀን፣ መኪና የሚለወጥበትን ስፍራና ከላይ የዘረዘርናቸውን አምስቱን ጥያቄዎች በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈን እንሰጠዋለን። አንባብያንም እንዲሁ ቢያደርጉ፥ በየዘመዱ ቤት የሚፈላው ቡና በአቦል እንዳይቀር ይረዳል ብለን እናምናለን።